ለጥጃው ካሎ የከለለ ማኅበር ለሕፃኑስ ምን አሰበ?

በወደራና ከወደራ በታች እስከ ነገሌ ቦረና በሚዘልቀው ቆላማ አገር የሚኖር አርቢ ለጥጃ የሚያደርገው ጥንቃቄ የታወቀ ነው። ላሚቱ ሣር ፍለጋ ሩቅ ስትሰማራ ጥጃው ከመንደር አይርቅም። ለእርሱ ተብሎ ከመንደሩ አጠገብ ጥሩ ሣር ያለበት ቦታ ተከልሎ ይጠበቃል። ይህም ካሎ ይባላል። ወደ ካሎ የደረሰ ከብት ያስገባ ሰው በሽማግሌ ፊት ቢጠየቅ የሚደንቀው የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተጎዳ ጥጃ ኋላ የቱንም ያህል ቢቀለብ እንደ እናቱ ያለ ላም እንደማይሆን አርቢው አሳምሮ ያውቃል።

ይህ ዕውቀት ለሰው ልጅም ይሠራል። የሕፃን አእምሮ ስድስት ዓመት ሳይሞላው የአዋቂውን መጠን ወደ 90 በመቶ ያህል እንደሚደርስ የጤና ሊቃውንት ይናገራሉ። በዚያ ጊዜ ያላገኘውን ምግብ፣ ያልሰማውን ቃልና ያልተጫወተውን ጨዋታ አንደኛ ክፍል ሲገባ በቀላሉ አይተካውም። ይሁን እንጂ በብዙ ገበሬ ማኅበር «አፀደ ሕፃናት እንክፈት» የሚል አሳብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና አግዳሚ ወንበር ነው። ሕፃናቱን የምትይዘው ማን ናት? ስለ ሕፃን አስተዳደግ ምን ታውቃለች? ወላጆችስ በቤታቸው ምን ያደርጋሉ? የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል ለማለት ይቻላል። ቤቱ አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። የሞግዚቷና የወላጆች ሥልጠና ግን ሊዘገይ አይገባውም።

ጉዳዩ ለገበሬ ማኅበራት እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የገበሬ ማኅበራትና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እናቶች ለእርሻ ሥራ ሲሰማሩ ልጆቻቸው የሚውሉባቸውን የሕፃናት ማቆያዎች ከፍተው እንደነበር ይታወሳል። እንደዚሁም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዛፍ ጥላና በዳስ ሥር ሲካሄድ ቆይቷል። ዘመቻው ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው ቤት በማማሩ አይደለም። የሚያስተምረው ሰው አስቀድሞ ስለ ተዘጋጀና ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ብሔረሰቦች ቋንቋዎች ስለ ተሰጠ ነው። ሰው ከተዘጋጀ የግራር ጥላ ያስተምራል። ሰው ካልተዘጋጀ ግን ቆርቆሮ ክዳን ከዝናብ ከማስጠለል አልፎ የሚሠራው ሥራ የለም።

በመንግሥት በኩልም መንገዱ ተተልሟል። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያዘጋጁት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ማዕቀፉ ካስቀመጣቸው አራት ምሰሶዎች አንዱ የወላጆች ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር ደንግጓል። ነገር ግን ወረቀት በራሱ እግር ከወረዳ ወደ መንደር አይሄድም። ጉዳዩ ቀበሌ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የፊደል ቆጠራ ብቻ ነው። የወላጆች ትምህርት የተባለው ምሰሶ በመንገድ ይወድቃል።

ሥልጠና ያላገኘች ሞግዚት ዘንድ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ለሥራው የምትመረጠው ብዙውን ጊዜ ትምህርቷን ከመካከል ያቋረጠች የመንደሩ ወጣት ናት። ሃምሳና ስልሳ ሕፃናት ይሰጧታል። እርሷም ራሷ ስትማር እንዳየችው ፊደል ግድግዳ ላይ ትሰቅልና ልጆቹ በአንድነት ድምፅ እንዲጮኹ ታደርጋለች። የሦስት ዓመቱ ልጅ ሲሰለቸው ያለቅሳል፤ የስድስት ዓመቱ ይደባደባል። እርሷም አርጩሜ ታነሣለች። ደመወዟ ሲዘገይ ደግሞ ሥራውን ትታ ወደ ነገሌ ወይም ወደ አዶላ ትሄዳለች። በእርሷ ምትክ ሌላ ትቀጠራለች፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ይህ የልጅቱ ጥፋት አይደለም። ሳያሠለጥን ያሠማራት አካል ጥፋት ነው።

ሥልጠና ሲባል ግን ከከተማ ብቻ የሚመጣ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። ጉጂዎች ልጅን በጨዋታ የማስተማር የቆየ ልማድ እንዳላቸው የታወቀ ነው። ማታ ከብት ከገባ በኋላ የሚነገረው ተረት፣ ማለትም ዱሪዱሪ፣ እንዲሁም ሂቦ የሚባለው እንቆቅልሽ የልጁን ቃላት ያበዛሉ፤ ማሰብን፣ ማስታወስንና ተራ መጠበቅን ያስተምሩታል። ታደሰ ጃለታ ጅራታ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጉጂ ልጆችን ተረትና እንቆቅልሽ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ አውጥተዋል። በኋላም በጉጂዎች ዘንድ ስላለው የሕፃናት እንክብካቤ፣ ጨዋታና ትምህርት ጽፈዋል። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ለአካባቢው መሪዎች ጠቃሚ ነው። አያት በምሽት የምትሰጠው ትምህርት በሕፃናት ማቆያው በር ላይ መቋረጥ የለበትም ማለት ነው።

የገዳ ሥርዓትም በዚህ ረገድ የሚናገረው አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው ይህ ሥርዓት የመጀመሪያውን የዕድሜ እርከን ደበሌ ይለዋል። በቦረና ወግ ደበሌ የሆነ ልጅ አይመታም፤ እናቱም የተከበረች ናት። እንግዲህ ሕፃንን ሳይመቱ ማሳደግ ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር መልሱን ከገዛ አባቶቹ ወግ ያገኘዋል። ሥልጠናው ይህን ክብር ለሁሉም ሕፃናት ማዳረስ ነው።

የሥልጠናው ይዘት በተግባር ምን መሆን አለበት ቢባል ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ከሕፃን ጋር መነጋገር ነው። ያልተናገረ ሕፃን ድምፅ ሲያሰማ ዓይኑን እያዩ መመለስ የቋንቋ መጀመሪያ መሆኑን እናትም፣ አባትም፣ ሞግዚትም ማወቅ ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ ጨዋታ ነው። ከጭቃ የተሠራ በሬ፣ የቅል ስባሪ፣ የዛፍ ፍሬና ጠጠር ለመቁጠር፣ ለመለየትና ለመደርደር ይበቃሉ። የሚገዛ ዕቃ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ምግብና ጤና ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ መስጠት፣ ወተትን አፍልቶ ማጠጣት፣ ክትባትን አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ በመለኪያው ሲለካ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በብርቱ የተጎዳ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለውም ክትትል ይሻል። አራተኛ፣ ማየትና ማስተዋል ነው። ሲጠሩት የማይዞር ልጅ እምቢተኛ ላይሆን ይችላል፤ ጆሮው ታሞ ሊሆን ይችላል። የሠለጠነች ሞግዚት ይህን በጊዜ ትለያለች።

ወላጅን ማሠልጠን ፍሬ አለው ወይ? ብሎ የሚጠይቅ መሪ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የዝናብ እርሻ ሳይሆን የልጅ ዕድሜ የሚጠብቅ ስለሆነ ረጅም ጊዜ የተከታተለ ማስረጃ ይሻል። እንዲህ ያለው ማስረጃ ከጃማይካ ተገኝቷል። በዋና ከተማዋ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ 129 እድገታቸው የቀነጨረ ሕፃናት ተመረጡ። ከእነርሱ ለተወሰኑት ተራ የጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ቤታቸው እየሄዱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚነጋገሩ አሳዩ። መጫወቻዎቹም በአብዛኛው በእጅ የተሠሩ ነበሩ። ልጆቹ አድገው 22 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ገቢያቸው ጉብኝቱ ካልደረሳቸው እኩዮቻቸው ገቢ በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ለዚህ ሥራ ሕንፃ አላስፈለገም። ያስፈለገው የሠለጠነችና ሳታቋርጥ የምትመላለስ ሴት ነበረች።

ሌላው የሚሰማው ተቃውሞ «መጀመሪያ ውሃ፣ መጀመሪያ ከብት» የሚለው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ዝናብ በተከታታይ የቀረበት አገር እንዲህ ቢል አያስወቅሰውም። ይሁንና ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ሊጤን ይገባል። አባት ከፎራ ከብት ጋር ይርቃል። እናት ውሃ ፍለጋ ማልዳ ወጥታ ፀሐይ ሳይወርድ አትመለስም። ጡት ያልጣለው ሕፃን በስምንት ዓመት እኅቱ እጅ ይውላል። እንግዲህ ሕፃኑን የምታሳድገው እርሷ ናት ማለት ነው። የልጁን ክንድ መለካት፣ ውሃና ምግብ በንጽሕና መስጠት፣ ማጫወት በእንዲህ ያለው ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ የታላላቅ እኅቶችና ወንድሞችም ትምህርት የዚሁ ሥልጠና አካል መሆን አለበት። ትልልቅ ተማሪዎች በመምህር እየተረዱ ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያዘጋጁበት ዘዴ በአገራችን የትምህርት አሠራር ውስጥ የታወቀ ነው።

የአሰጣጡ ነገርም ከይዘቱ አይተናነስም። በአንድ ቀን ስብሰባ ስለ መስመር መዝራት ተነግሮት መሬቱን የለወጠ ገበሬ የለም። ገበሬ የሚያምነው የጎረቤቱን ማሳ፣ ማለትም ሠርቶ ማሳያውን ሲያይ ነው። የሞግዚትና የወላጅ ሥልጠናም እንደዚሁ ነው። አምስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አበል ተቀብሎ መለያየት ሥልጠና ሊባል አይገባውም። ጥቂት ቀን መማር፣ አንድ ወር መሥራት፣ ከዚያም ባለሙያው ወደ ሥራው ቦታ ሄዶ ማየትና ማረም፣ እንደገናም መማር ይሻላል። ጊዜውም ይመረጥ። በበጋ ውሃ በራቀበት ወቅት እናቶችን መጥራት ባዶ ዳስ ማየት ነው። ገና ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ወተት ሲበዛና ከብት ሲቀርብ፣ አባቶችም ይገኛሉ። ቋንቋውም ቤቱ የሚነጋገርበት ይሁን። በገጠሩ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የተለያየ ሕዝብ በሚኖርበት እንደ ነገሌ ባለ ከተማ ሞግዚቷ ሌላ ቋንቋ ይዞ የሚመጣውን ልጅ እንዴት እንደምትቀበል መማር ይኖርባታል።

አባቶችን በተለይ ማንሳት ያስፈልጋል። «የሕፃን ነገር የሴት ነው» እየተባለ ስብሰባው ለእናቶች ብቻ ሲተው፣ ላሚቱ እንድትሸጥ፣ ልጁ እንዲታከም ወይም ልጅቱ ከትምህርት እንድትቀር የሚወስነው ሰው አንዳች ሳይሰማ ይቀራል።

ከዚህ አኳያ ከገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው የሚከተለው ነው። ለአፀደ ሕፃናት ገንዘብ ሲዋጣ የሞግዚቷ ደመወዝና ሥልጠና ከቆርቆሮው በፊት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሞግዚቷ ስትመረጥ በመንደሩ የምትቀመጥ፣ ሕፃናት የሚወዷት፣ ተረትና ሂቦ የምታውቅ ትሁን። የትምህርት ደረጃዋ ከዚህ ጋር ይታይ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በዓመት ስንት ጊዜ መጥቶ እንደሚያያት ተጠይቆ ቀኑ ይቆረጥ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት እንዲመደቡ ታስቦ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ከሞግዚቷ ሥራ ጋር ይያያዝ። ክትባትና የክንድ ልኬት በአፀደ ሕፃናቱ በር ቢደረግ እናት ሁለት መንገድ አትሄድም። በየወሩ ጉባኤም ስለ መንገድና ስለ ግብር ከተነጋገሩ በኋላ ስለ ሕፃናቱ አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ ስንት መጡ? ስንት ቀሩ? የቀሩት ለምን ቀሩ? መሪ የሚጠይቀውን ነገር ሕዝብ ይሠራዋል።

ካሎ የሚከለለው ገንዘብ ስለ ተረፈ አይደለም። እንዲያውም ሣር ባነሰ ቁጥር አጥሩ ይጠብቃል፤ የነገ መንጋ ከዚያ እንደሚወጣ ይታወቃልና። በወደራም ሆነ በሌላው ቆላ ለሕፃናት የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ ሊያንስ የሚችልበት ምክንያት የለም። አጥሩ የሠለጠነች ሞግዚትና ያወቀ ወላጅ ናቸው። ይህን አጥር ማጠር ደግሞ ከማንም በፊት በየማኅበሩ መሪዎች እጅ ያለ ሥራ ነው።