«ቤቷ ሆና ትሥራ» ለሚሉን ሁሉ



በአሽቀሎን ከአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ጋር በማኅበራዊ ሠራተኛነት ሳገለግል ደጋግሜ የምሰማው አንድ ምክር አለ። ባል ይለዋል፣ ሽማግሌ ይለዋል፣ ሥራ እናገናኛለን የሚሉ ሰዎችም ይሉታል። «እሷ ቤቷ ሆና ትሥራ። ልጆቿን ታያለች፣ የአውቶቡስ አታወጣም፣ ዕብራይስጥም አያስፈልጋትም።» ምክሩ የአዛኝ ይመስላል። እኔ ግን ለአዲስ ገቢ እናት ጎጂ ምክር ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

«አያቶቻችንስ የሚሠሩት ቤታቸው አልነበረም ወይ?» የሚለኝ አለ። እውነት ነው። በጎንደር ዙሪያ አባቶቻችን በደጃቸው ሸማ ሲሠሩና ብረት ሲቀጠቅጡ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል። የወለቃን ሸክላ የማያውቅ የጎንደር እንግዳ አልነበረም። ነገር ግን እዚያ ቤትና መንደር አንድ ነበሩ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ዋጋ ይከራከር ነበር፤ የተባለውን ሁሉ ጎረቤት ይሰማል። እዚህ አገር ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሯን ዘግታ የምትሠራ ሴት ምን ተባለች፣ ስንት ተከፈላት፣ ማን ያውቃል? ምስክር የላትም።

አንዲት እናት ላንሳ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። አንድ ሰው ጨርቅ በከረጢት ያመጣላታል፣ እሷ ቤቷ ትሰፋለች፣ እሱ በፍሬ ቆጥሮ በእጇ ይከፍላታል። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሠራች። ትሉሽ፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀት፣ አይታ አታውቅም። ስትወልድ የወሊድ አበል ልትጠይቅ ፈለገች። መዝገቡ ሲታይ በስሟ አንድም የሥራ ወር አልተገኘም። ለሰውየው ስንደውልለት፣ «እሷ የእኔ ሠራተኛ አይደለችም፤ በግሏ ነው የምትሠራው» አለን። እስከ እኩለ ሌሊት የሰፋችው ጨርቅ ሁሉ ባለቤት አልባ ሆነ።

ይህች እናት ሰነፍ አልነበረችም። የጎደላት ወረቀት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ እንጀራችን ላይ ግን አንሠራበትም።

ሕጉ ምን ይላል? በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት አሠሪ ሥራ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ፣ ደመወዙንና ሰዓቱን በጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ትሉሽ መስጠትም ግዴታው ነው። ከ2008 ጀምሮ ለሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ግዴታ ሆኗል። ለብሔራዊ መድን (ቢቱዋሕ ሌኡሚ) ደግሞ በሳምንት አንዲት ሰዓት ብቻ ቤት ለምታጸዳ ሴት እንኳ አሠሪዋ መክፈል አለበት። «በግሏ ናት» (ዓጽማኢት) የተባለች ሴት ግን ብትባረር ካሳ፣ ሥራ ብታጣም የሥራ አጥ አበል የላትም። ስለዚህ «በግልሽ ሥሪ» ማለት ትንሽ ቃል አይደለችም። ደግነቱ፣ የሥራ ፍርድ ቤት የሚመለከተው የተሰጠውን ስም ብቻ ሳይሆን ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚካሄድ ነው። ነገር ግን ለዚህም ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳት ማወቅ የሚገባንን አለማወቅ ነው። እኔ በቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ስማር ማታ ማታ ቢሮ አጸዳ ነበር። በልጅነቴ ስለመጣሁ ዕብራይስጥ እችል ነበር፤ ትሉሽ ማንበብ ግን አልችልም ነበር። ያስተማረችኝ አብራኝ የምታጸዳ፣ ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት። በጣቷ እያሳየች፣ «ይህ የጡረታ ነው፣ ይህ የመድን ነው፣ እዚህ ላይ ሰዓት ቀንሰውብሻል፤ ጠይቂ» አለችኝ። ጠየቅሁ፣ ተከፈለኝ። ብቻዬን ቤት ብሠራ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ለመናገር ግን የሚያናግር ሰው ያስፈልጋል።

«ከኮሮና ወዲህ ትላልቆቹ ሁሉ ቤታቸው ሆነው አይደለም ወይ የሚሠሩት?» ትሉኝ ይሆናል። አዎን። በ2020 ባለኮምፒዩተሩ ወደ ቤቱ ሲገባ ደመወዙም፣ ጡረታውም፣ ስሙም አብረውት ገቡ። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ግን የሚያጸዱና የሚጠብቁ ናቸውና ያለ ደመወዝ ፈቃድ (ሐላት) ወጡ። ያን ጊዜ ትሉሽ ያላት የሥራ አጥ አበል ጠየቀች፤ በእጇ ብቻ ይከፈላት የነበረችው ባዶ እጇን ቀረች። ልዩነቱ የቤትና የቢሮ ብቻ አልነበረም፤ የተመዘገበና ያልተመዘገበ ሥራ ልዩነት ነበር።

እኔም ከቤት መሥራትን ቀምሼዋለሁ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ሮኬት በከተማችን ላይ ሲዘንብ ቤተሰቦችን በስልክ እጠይቅ ነበር። አንዲት እናት ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ትለኛለች። በኋላ ቤቷ ስሄድ ከነልጆቿ ደረጃ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ሲያድሩ መክረማቸውን አየሁ። ሕንፃው አሮጌ ነው፣ ማማድ የለውም፤ ከላይ ፎቅ በ30 ሴኮንድ መጠለያ መድረስ አይቻልም። ጨዋ ሰው ችግሩን በስልክ አይናገርም። እኔም ፊቷን ባለማየቴ ሳልረዳት ቆየሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ እንዳይደገም ነው የምጽፈው። ሰው ሰውን ማየት አለበት።

ከቤት መሥራት ፈጽሞ ይቅር አልልም። የታመመ ልጅ ያላት አለች፣ ብቻዋን የምታሳድግ አለች። በሚሽፓሕቶን እስከ 5 ሕፃናት ቤታቸው ተቀብለው፣ ሠልጥነውና ተቆጣጣሪ ኖሯቸው በክብር የሚሠሩ እህቶችም አሉን። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ1996 ባወጣው ቁጥር 177 ስምምነት፣ ቤቱ የሚሠራ ሰው ከሌላው ሠራተኛ እኩል ይታይ ብሏል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ቤት ለመሥራት የምትስማማ እህት አስቀድማ ሁኔታውን በጽሑፍ ትጠይቅ። በየወሩ ትሉሽ ትቀበል። የሠራችበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ትያዝ፤ የሰጡትንና የወሰዱትን ሁሉ ትመዝግብ። ኡልፓኗን አታቋርጥ። ከተበደለች «ተበቃ» የተባለው ድርጅት ለማኅበረሰባችን ነፃ የሕግ ርዳታ ይሰጣል።

ባሎች ሆይ፣ ሚስቴ ውጭ ከዋለች ትለወጥብኛለች ብላችሁ እንደምትሰጉ አውቃለሁ። ነገር ግን ስታረጁ የሁለታችሁን ጡረታ የሚወስነው ዛሬ በስሟ የሚጻፈው ወር ነው። ሥራ አገናኞች ሆይ፣ ዕብራይስጥ አታውቅም ብላችሁ ቤት የምታስቀምጧት ሴት፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ዕብራይስጥ አታውቅም። ያን ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ አትሁን።

እናንተ እናቶች ደግሞ፣ ምንነቱን ያላወቃችሁትን ወረቀት አትጣሉ፣ አትፈርሙም። ወደ ማኅበራችን ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።