ሳይቃጠል በቅጠል፤ ቅጠሉን ግን ማን ያድርሰው?

ባለፈው ሳምንት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሀና ማርያም የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ፣ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ ያጠለቀ ሰው አለ። የመንገድ ሠራተኛ መስሎኝ ወሬ ጀመርኩ። «ሐዲድ ላይ ነኝ» አለኝ። የማን ቅጥር እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሥራው ይከብድ እንደሆነ ስጠይቀው ግን የመለሰልኝ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም፦ «ሥራውስ ይለመዳል፤ የሚያደክመው መድረሱ ነው።»

ለቡ የባቡር ጣቢያ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ስለ ባቡሩ ስናወራ ግን ወሬያችን ስለ ብድሩ፣ ስለ ትኬቱ፣ ስለ ተሰረቀው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሐዲዱን የሚጠብቀው ሰው በምን ተሳፍሮ እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን የመስመሩ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህች ጥያቄ ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ያለው መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ ባቡርና ጠጋኝ አብረው አይውሉም። ጥገና የሚሠራው ባቡር በማያልፍበት ክፍተት ነው። እንበልና ለአንድ ቡድን ሦስት ሰዓት ተፈቀደለት። ከተፈቀደለት ሰዓት ላይ አንዱ ለመድረስ፣ አንዱ ዕቃ ሰብስቦ ለመውጣት ካለቀ፣ ቁልፍ ብሎን ላይ የሚያርፈው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ደመወዙ የሦስት ሰዓት፣ ጥገናው የአንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ካርታውን እዩት። ከሚኤሶ በኋላ የቆየው የአስፋልት መንገድ ወደ ጭሮና ቁልቢ ደጋ ይወጣል፤ ሐዲዱ ግን በአፍደምና በኤረር ቆላ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይዘልቃል። ፒክአፕ ይዞ የወጣ ቡድን አስፋልቱን ሲለቅ የሚጠብቀው አቧራና አሸዋ ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ደራሽ ጎርፍ መንገዱንም ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠርም አብሮ ይወስዳል። ጠጋኙ በጣም በሚፈለግበት ቀን መድረሻ ያጣል። ፀሐዩም ቀላል አይደለም፤ ብረት በሙቀት ይለጠጣል፣ መሄጃ ሲያጣ ይጣመማል። የተጣመመን ሐዲድ ባቡሩ ሳይደርስበት ማየት የሚችለው በቦታው የተገኘ ሰው ነው።

ዓለም ይህን ችግር ቀድሞ አይቶታል። መጀመሪያ በእጅ እየተገፋ የሚሄድ የሐዲድ ጋሪ መጣ፤ ቀጥሎ ባለ ሞተሩ፤ በኋላም በአስፋልትም በሐዲድም የሚሄድ፣ የብረት ጎማ የሚያወርድ መኪና። ጃፓኖች ለፈጣን ባቡራቸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መስመሩን ለጠጋኞች ይለቃሉ። የመጀመሪያው ባቡር ከመነሳቱ በፊትም ሐዲዱ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ተሽከርካሪ ያልፋል።

«ለዚያ ሁሉ ማሽን ዶላር ከየት ይምጣ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ የጠጋኝ ተሽከርካሪ ራሱ ቦታ እንደሚይዝም አውቃለሁ። ግን ሁሉም መፍትሔ ዶላር አይጠይቅም። ቡድኖችን ከከተማ ከማመላለስ በየጣቢያው አቅራቢያ ቤተሰብ የሚያኖር ቤትና ውሃ ሰጥቶ ማስፈር ይቻላል። ከሐዲዱ ጎን ያለውን የጥርጊያ መንገድ ከክረምት በፊት ማስተካከል ይቻላል። የጥገናውን ሰዓት ከባቡሩ ፕሮግራም እኩል አስቀድሞ ማሰር ይቻላል፤ ባቡር በዘገየ ቁጥር የሚቆረጠው የጠጋኙ ሰዓት መሆን የለበትም።

መስመሩን ለስድስት ዓመት ያስተዳደሩት ቻይናውያን በ2016 ዓ.ም. ለእኛና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። ደስ ይላል። ከእንግዲህ ግን ሐዲዱ ቢበላሽ የምናመካኝበት የለም። ስለዚህ የዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ ስንት ቶን ተጫነ፣ ስንት ብር ገባ ብቻ አንበል። ለጥገና ከተመደበው ሰዓት ስንቱ በመንገድ አለቀ? ሲሄዱና ሲመለሱ ስንት ሠራተኞች ተጎዱ? እነዚህም ይነገሩን።

ያ ሰው ታክሲ ሲመጣ ተጋፍቶ ገባ፤ እኔ ቀረሁ። በመስኮቱ ሳየው ገና ሥራ ሳይጀምር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።