ዝቅተኛው ዋጋ ርካሽ ነውን?

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጕዙ መንገዱን ያሠሩት ያለ ጨረታ ነበር፤ ድንጋዩንም ከወታደሩ ጋር ራሳቸው ፈነቀሉ። ዛሬ በዚያው አገር መንገድም ሆነ ትምህርት ቤት የሚሠራው በጨረታ ነው፤ ይህንንም እንደግፋለን። አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታን የመንግሥት ግዥ ዋና ዘዴ አድርጎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተካ። ተቃውሟችን ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው ከመጨረሻው ድምር ላይ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

አምስት ተቋራጮች በመካነ ሰላም ለሚሠራ አንድ ሕንፃ ዋጋ ይሰጣሉ እንበል። እውነተኛው ወጪ ለሁሉም ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው ግምታቸው ነው። አንዱ ከቦታው ደርሶ፣ ሲሚንቶው ዳገቱን በስንት እንደሚወጣ፣ ክረምቱም ሥራውን ስንት ጊዜ እንደሚያስቆም አስቦ ይጽፋል። ሌላው አዲስ አበባ ተቀምጦ የአዲስ አበባን ዋጋ ይጽፋል፤ እርሱም ያሸንፋል። እንዲህ ሲሆን ጨረታው የሚመርጠው አብዝቶ የተሳሳተውን ነው። ፍሪድማን የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 የተፎካካሪዎችን የቀድሞ ዋጋ አጥንቶ የራስን ዋጋ በስሌት መወሰን እንደሚቻል አሳይቷል፤ ስሌቱ ግን የሚጀምረው ከወጪ ግምት ነው፤ ግምቱ ከተሳሳተ ሒሳቡ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከስሕተቱ ይልቅ የሚከፋው ብልጠቱ ነው። ተጫራቹ ድምሩን ሳይነካ የቁፋሮውንና የመሠረቱን ነጠላ ዋጋ ከፍ፣ የጣራውንና የልስኑን ዝቅ ያደርጋል። ገንዘቡን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰበስባል፤ ግንቡ ጣራ ሲጠብቅ ግን ሥራውን መቀጠል ለእርሱ ኪሳራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ነው፦ የዋጋ ማስተካከያ፣ የጊዜ ማራዘሚያ፣ ተጨማሪ ሥራ። ጣራ ያጣ ግንብ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

የምሕንድስና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ነገ ይህን ሰንጠረዥ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ሆናችሁ የምትመረምሩትም እናንተው። መምህሮቻችንም የኮንክሪትን ጥንካሬ የሚያስተምሩንን ያህል የነጠላ ዋጋን ትንተና ቢያስተምሩን ብለን በትሕትና እንጠይቃለን። አሠሪው መሥሪያ ቤት ፖስታው ሳይከፈት የራሱን መሐንዲስ ግምት ያዘጋጅ፤ ነጠላ ዋጋን ከነጠላ ዋጋ ያስተያይ፤ ከግምቱ እጅግ የወረደውንም ተጫራች በዚያ ዋጋ እንዴት እንደሚሠራው በጽሑፍ ያስረዳ ዘንድ ይጠይቀው። ቦታውን ሳያይ ዋጋ የጻፈ ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት ያን ዳገት አንድ ጊዜ በእግሩ ቢወጣው በእኛ በኩል አንቃወምም።