የቸኮለች አፍሳ ለቀመች
(ስለ አጥር ተክል የተሰጠ ማሳሰቢያ)

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ክረምቱ በመግባቱ ችግኝ ያገኘ ሁሉ ወደ አጥሩ እየሮጠ ነው። መትከሉ ደግ ነው፤ የምንቃወመው የሚተከለውን ነው። በሰፈራችን ስንዘዋወር በብዙ ግቢ አጥር ሥር የባሕር ዛፍ ችግኝ ተደርድሮ አየን። ለምን ብለን ብንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሸፍነኛል።»

መሸፈኑን አንቃወምም። ከጎናችን ፎቅ ከተሠራ ወዲህ ልብስ ስናሰጣ፣ ልጅ ስናጥብ ከመስኮት የሚያየን አለ። ገመናን መሸፈን የማንኛውም ሰው መብት ነው። ነገር ግን የራስን ገመና ለመሸፈን የጎረቤትን ግድግዳ ማፍረስ ምን ይባላል?

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ አጥፊ ነበርኩ። የዛሬ 10 ዓመት ገደማ፣ ከአንዲት እናት ግቢ ጋር በምንዋሰንበት በኩል 12 እግር ባሕር ዛፍ ተከልኩ። በ3ኛው ዓመት ከጣራዬ በለጠ፤ እኔም ኮራሁ። ከዚያ በኋላ የሳቸው የጓሮ ጎመን ይቀጭጭ ጀመር። ቅጠሉ ጣራቸው ላይ እየረገፈ አሸንዳቸውን ደፈነው። ሥሩ በጭቃ ቤታቸው ሥር ገብቶ ግድግዳውን ሰነጠቀው። መጥተው ቢነግሩኝ «ዛፉ ያለው በኔ ግቢ ነው» አልኳቸው። ቡና ስንጠራራ የኖርን ሰዎች 2 ዓመት ሙሉ ሰላምታ ሳንለዋወጥ ቀረን። በመጨረሻ አፈርኩ፤ ግድግዳቸውን በራሴ ወጪ አስጠገንኩ፣ ዛፉንም ቆረጥኩ። እሱ ግን መች ይሞታል! ከጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ። ጉቶውን ቆፍሮ ማውጣቱ ከመትከሉ ይልቅ ወገቤን ቆረጠኝ።

ባሕር ዛፍን አንጠላም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ማገዶና የቤት እንጨት የሆነው እሱ ነው። ቦታው ግን ተራራና ሰፊ መሬት እንጂ የ200 ካሬ ግቢ አይደለም። ውሃ ይመጣል፤ ሥሩ ሩቅ ይሄዳል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል ደህና አድርጎ አያበቅልም፤ ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ላይ ይወድቃል። አበባው ያምራል ተብሎ ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎም አይሻልም። ፍሬውን ወፍ በየሜዳው ትዘራዋለች፤ ቅጠሉን የበላ ከብት ይመረዛል።

«በግቢዬ ማን ያገባዋል?» የሚሉ አሉ። ያገባናል እንጂ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክና የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕግ ዘንድ ሳይደረስ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳስባል፤

1ኛ/ ለአጥር የፈረንጅ ጽድ ይተከል። በችግኝና በችግኝ መካከል አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ከሰው ቁመት ሲያልፍ ጫፉ ይቆረጥ፤ ጎኑም በየዓመቱ ይከርከም። ከተተወ እሱም ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ቅጠል የሌለው እንጨቱ ድረስ ከተቆረጠ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም፤ ክፍተቱ ክፍተት ሆኖ ይቀራል።

2ኛ/ ውሃ ለሚያጥረው ቅትክታ፣ ሌባ ለሚያሰጋው እሾኻሙ ኮሽም ይሻላል። ኮሽም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ፍሬው ግን ይበላል።

3ኛ/ አጥሩ እስኪያድግ መታገሥ ያቃተው ሽቦ ወጥሮ ፓሽን ፍሩት ያስወጣበት። ሐረጉ ቶሎ ይሸፍናል፤ ፍሬም ይሰጣል።

4ኛ/ ማንም ሰው ወሰን ላይ ከመትከሉ በፊት ጎረቤቱን ጠርቶ ያማክር።

5ኛ/ ዘንድሮ ባሕር ዛፍ በአጥር ሥር የተከላችሁ አሁኑኑ ንቀሉት። ዛሬ በእጅ ይነቀላል፤ ከ3 ዓመት በኋላ መጥረቢያ ይፈልጋል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ሽማግሌ ይፈልጋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ