በሕክምናና በምርምር መካከል የቆመው ሕመምተኛ

የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጡት አሰቃቂ ታሪኮች ናቸው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ተስኪጊ በተባለ ስፍራ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች፣ በሽታው የት እንደሚያደርሳቸው ለማየት ሲሉ ሳያክሙ ተከታተሏቸው። ፔኒሲሊን ፍቱን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጧቸውም። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር።

እንዲህ ያለውን በደል ለመኮነን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ተመራማሪው ቅን፣ ጥናቱ ጠቃሚ፣ ፈቃዱም የተሟላ ሆኖ ሳለ የሚነሳው ጥያቄ ነው። ሥር የሰደዱ በሽታዎች ደግሞ ይህን ጥያቄ ያከብዱታል። ለዓመታት የታመመ፣ በየደጁ የተንከራተተና ሕክምና ያጣ ሰው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ቀርቦ “በጥናታችን ይሳተፋሉ ወይ?” ብሎ ሲጠይቀው በእርግጥ ምርጫ አለው? ይህን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በራሳችን አገር ለዓመታት ምርምር የተካሄደበት አንድ በሽታ አለ።

ቀይ አፈርና ባዶ እግር

በተለምዶ ዝሆኔ ከምንላቸው የእግር እብጠት በሽታዎች አንዱ በሕክምናው ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሌላው የዝሆኔ ዓይነት በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሲሆን፣ ይኼኛው ግን ትልም ተህዋስያንም የለበትም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ በሂደትም እግር ያብጣል፣ ይሻክራል፣ ይቆስላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መንስኤው ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባካሄደው ጥናት ያሳየው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ አመልክቷል። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2006 በወላይታ ላይ የታተመ ጥናት ሕመምተኞቹ በዓመት ውስጥ ከሚሠሩባቸው ቀናት 45 በመቶውን እንደሚያጡ አስልቷል። ከገንዘቡ ኪሣራ የሚብሰው ደግሞ መገለሉ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ እምነት ሳይቀር የሚርቅበት ሁኔታ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል።

መከላከያው ጫማ ነው። እንክብካቤውም ቢሆን ሳሙና፣ ውኃ፣ ፀረ ተህዋስያን መዘፍዘፊያ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሕክምናው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ምን የሚመረመር ነገር አለው?

የቸገረው ሰው ፈቃድ

በመጀመሪያ የፈቃዱን ጉዳይ እንይ። የምርምር ሥነ ምግባር ዋነኛ ምሰሶ ተሳታፊው ስለ ጥናቱ በቂ መረጃ አግኝቶ በነፃ ፈቃዱ መስማማቱ ነው። በወረቀት ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ሆኖም “የቸገረው እርጉዝ ያገባል” እንዲሉ፣ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ነፃ ነው?

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፖል አፕልባውምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ችግር ስም ሰጥተው ወደ መድረክ አመጡ። የምርምር ተሳታፊዎች “ይህ ሁሉ የሚደረገው እኔን ለማዳን ነው” ብለው የማመን ዝንባሌ አላቸው። ምርምር ግን በዋነኛነት የሚደረገው ዕውቀት ለማግኘት ነው። ሐኪም “ለዚህ ሰው የሚበጀው ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃል፤ ተመራማሪ “ከእነዚህ ሰዎች ምን እንማራለን?” ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ ይለያያሉ። ጠያቂው አንድ ሰው፣ የሚጠየቅበትም ቦታ አንድ ጤና ጣቢያ ሲሆን ልዩነቱ ለሕመምተኛው አይታየውም። ያነበበውን የተረዳ፣ የተማረ የከተማ ሰው እንኳ ይሳሳተዋል። ማንበብ ለማይችል ገበሬ ደግሞ አሥር ገጽ የፈቃድ ቅጽ ማንበብ ተመራማሪውን ከተጠያቂነት ያድን ይሆናል እንጂ ለገበሬው ብዙም አይፈይድለትም።

ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው

እ.ኤ.አ. በ2015 በምሥራቅ ጎጃም የተጀመረው ጥናት ጥያቄውን ይበልጥ ያጎላዋል። ወደ 700 የሚጠጉ የፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኞች በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን የእግር እንክብካቤውን፣ ፋሻውንና ጫማውን ወዲያውኑ አገኘ። ሁለተኛው ቡድን ለማነጻጸሪያነት 12 ወራት ከጠበቀ በኋላ ተመሳሳዩን ሕክምና እንዲያገኝ ተደረገ።

ዓመት ሙሉ መጠበቅ ቀላል አይደለም። በሽታው እግርን እያቃጠለና ትኩሳት እያስከተለ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል ድንገተኛ ሕመም አለው። ታዲያ ሳሙናና ጫማ እንደሚጠቅም እየታወቀ እንዲህ ያለውን ሰው ማስጠበቅ ተገቢ ነው?

ተቃዋሚው ወገን “ለመታጠብ ማስረጃ አያስፈልግም” ሊል ይችላል። ደጋፊው ወገን ደግሞ ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ ጥናቱ ባይመጣ ኖሮ በአካባቢው ለሕመምተኞቹ የተዘጋጀ ሌላ አገልግሎት አልነበረም፤ የጠበቁት ሰዎች ቀድሞ ከነበራቸው የተቀነሰባቸው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ መንግሥት በአገር አቀፍ ደረጃ ገንዘብ እንዲመድብ “ይጠቅማል ብለን እናምናለን” ማለት አይበቃም፣ ምን ያህል እንደሚጠቅም መታወቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት ለሁለቱም ወገን የሚያሳስብ ነው። በማነጻጸሪያው ቡድን በአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲከሰት የነበረው ድንገተኛ ሕመም በታከመው ቡድን ወደ 19.4 ዝቅ ብሏል። ከአምስት አንድ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። እንክብካቤው ጠቅሟል፤ ነገር ግን የታከመውም ሰው ቢሆን በዓመት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ከመውደቅ አልዳነም። ያለ ንጽጽር ይህን ልክ ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ጥናቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ተገቢ ያደረጉት ሁኔታዎች ሊዘነጉ አይገባም። መልሱ በእርግጥ አይታወቅም ነበር፤ የሚጠብቀው ቡድን ሕክምናው ቃል ተገብቶለታል፤ ጥናቱ ከመጀመሩም በፊት ተመራማሪዎቹ ወደ ኅብረተሰቡ ወርደው ሰዎች ስለ ምርምር ምን እንደሚያስቡ፣ ፈቃድ በምን መልክ ቢጠየቁ እንደሚሻል አጥንተዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። “ለድሃ ይህም ያንሰዋል?” የሚለው መከራከሪያ ብቻውን ከቆመ ግን አደገኛ ነው። አገልግሎት የሌለበት ቦታ ሁሉ ለተመራማሪ አመቺ ቦታ ይሆናልና።

“በዘር ነው” የሚለው ቃል

ሦስተኛው ጉዳይ ከሰውነት አልፎ ቤተሰብን ይነካል። በአንድ ቀዬ፣ በአንድ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ሁሉም አይታመሙም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ለበሽታው ተጋላጭ የመሆን ልዩነት ውስጥ የውርስ ድርሻ ከ60 በመቶ በላይ መሆኑን ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በወላይታ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተደረገ የዘረ መል ጥናት ተጋላጭነቱን ከሰውነት የመከላከል ሥርዓት ጋር ከተያያዙ ዘረ መሎች ጋር አገናኘው። ለሳይንስ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ለቤተሰቡስ? “ከዚያ ቤት አትጋቡ” በሚባልበት አካባቢ “ሳይንስም በዘር ነው አለ” የሚል ወሬ ምን እንደሚያስከትል መገመት አይከብድም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ሥጋት አስቀድመው አንስተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በበሽታው የተጠቁ ቤተሰቦችን ነጥሎ መቅረብ መገለሉን ሊያባብስ እንደሚችልና ጥናቱ ከጤና ትምህርት ጋር መያያዝ እንዳለበት ጠቁመዋል። ቁም ነገሩ፣ የአንድ ሰው ደም ሲቀዳ የሚፈርመው አንድ ሰው ቢሆንም ውጤቱ የሚነካው እህቱንና ልጁን ጭምር መሆኑ ነው። በመጽሔት ላይ “ተጋላጭነት” ተብሎ የተጻፈው ገበያ ሲደርስ “የዘር በሽታ” ይሆናል። ጫማ ያደረገ ሰው ዘረ መሉ ምንም ይሁን ምን ከበሽታው ሊድን እንደሚችል ያልተነገረው ሰው ከምርምሩ የሚያተርፈው ኃፍረት ብቻ ነው።

ከምርምሩ በኋላስ?

ጥናቱ ሲያልቅ መኪናው ይመለሳል፣ በሽታው ግን ይቀራል። የሥር ሰደድ በሽታ ምርምር ትልቁ ፈተና ይኼ ነው። የሄልሲንኪ ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለበት ጊዜ፣ ተሳታፊዎች ከሙከራው በኋላ ሕክምና የሚያገኙበት መንገድ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት መመቻቸት እንዳለበት በጥብቅ ቃል አስፍሯል። ዕድሜ ልክ እግሩን መታጠብና ጫማ መቀየር ያለበት ሰው የአንድ ዓመት አቅርቦት አያድነውም።

ይህን ሸክም ተመራማሪው ብቻውን ይሸከም ማለት ግን አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገችው ትኩረት የሚሹ የሐሩር በሽታዎች ዕቅድ ፖዶኮኒዮሲስን አካትታለች። ምርምር የሚያስገኘው ማስረጃ ወደ መደበኛው የጤና አገልግሎት ካልገባ፣ ሕመምተኛው የሰጠው ጊዜና ደም ለሌሎች ሰዎች ዲግሪና ሹመት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

አገሪቱ የሕግ ክፍተት ብቻ ነው ያለባት ማለት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻሻለ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ወጥቷል፤ ናሙናዎች ወደ ውጭ ሲላኩም የስምምነት ሰነድ እንዲኖር ይጠይቃል። የሚጎድለው ከፈቃዱ በኋላ ያለው ክትትል ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሥራ ማኅተም በመምታት ማለቅ የለበትም። ጥናቱ ወዳለበት ቦታ ሄዶ ተሳታፊውን “ለምን ነው እዚህ ያሉት? ከነገ ወዲያስ ምን ያገኛሉ?” ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። መልሱ “ሊያድኑኝ ነው” ብቻ ከሆነ ቅጹ ቢፈረምም ፈቃዱ አልተሟላም።

በተጨማሪም የጥናት ውጤት በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ከመውጣቱ ጎን ለጎን በተሳታፊዎቹ ቋንቋ ለመንደሩ የሚነገርበት በጀት ከመጀመሪያው መያዝ አለበት። ከሙከራው በኋላ ሕክምናውን ማን እንደሚቀጥል በስም ያልተጻፈበት ማመልከቻም ወደ ባለቤቱ ሊመለስ ይገባል።

ዛሬ ስለ ዝሆኔ የሚነሳው ጥያቄ ነገ ስለ ስኳር፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ካንሰር መነሳቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚፈርመው ሩቅ ያለ ገበሬ ብቻ አይሆንም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው፣ እናቱ ወይም አባቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕመምተኛ ለሳይንስ የሚያበድረው ገላውን ነው። ብድሩ የሚመለስበት ቀን ውል ላይ ሊሰፍር ይገባል።