ብሩ መልካም ሳለ ገበያ ያልወደደው ገንዘብ

«ዕውቀቴ ከእገሌ አያንስም፤ ታዲያ እርሱ ሲታመን እኔ ስለ ምን አልታመንም?» እያለ የሚያማርር ወጣት ባጋጠመኝ ቍጥር፥ አንድ የእንግሊዝ ገንዘብ ትዝ ይለኛል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1600 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የንግድ ፈቃድ ሰጠች። በዚያ ዘመን የእስያ ገበያ የሚያውቀው የስፓኝን ሬያል ነበረ። እንግሊዝ ግን ከስፓኝ ጋር በጦርነት ላይ ነበረች። ስለዚህ ንግሥቲቱ ክብደቱ ከሬያል ጋር የተካከለ፥ ትልቁ 27 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ በለንደን አስቀረጸች። በአንድ ፊቱ የመንግሥቷ ጋሻ፥ በሁለተኛው ፊቱ የምሽግ በር የሚዘጋበት የብረት ፍርግርግ ዘውድ ደፍቶ ይታያል። በ1601 የተነሡት የኩባንያው መርከቦች በማግሥቱ ዓመት ቍንዶ በርበሬ ሊገዙ ሱማትራና ጃቫ ደረሱ። ነጋዴው ግን የለመደውን ሬያል መረጠ። ኩባንያውም ወደ ሬያል ተመለሰ፤ ያ ገንዘብ ዳግመኛ አልተቀረጸም። ዛሬ በብርቅነቱ ይፈለጋል።

«ነጋዴዎቹ አላዋቂዎች ስለ ነበሩ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ሚዛን የሚመሰክረው ለክብደት ብቻ ነው፤ ውስጡን አይናገርም። ሬያል ግን ብዙ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተፈትኖአል። በእኛም አገር ዐፄ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያስቀረጹት ብር በክብደት ከማርያ ቴሬዛ ብር የማያንስ ሲሆን፥ ገበያው የለመዳትን ሴትዮ ለብዙ ዘመን አልለቀቀም። ይህ ድንቍርና ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

«እንግዲያስ የታመነውን ሰው መልክ መዋስ ይሻላል» የሚለኝ ብልጥ አይጠፋም። እርሱም ይስማ! በ1660ዎቹ ዓመታት በኢጣልያ የነበሩ ትንንሽ መሳፍንት በቱርክ አገር የተወደደውን ትንሽ የፈረንሳይ ብር አስመስለው፥ ውስጡን በመዳብ እያረከሱ ላኩ። ገበያው መጀመሪያ ተሻማበት። ተንኰሉ በታወቀ ጊዜ ግን ገንዘቡ ተከለከለ፤ ስሙም መተረቻ ሆነ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ንግሥቲቱ የሌላውን ሚዛን ወሰደች እንጂ የሌላውን ስም አልሰረቀችም፤ በዚህ አትነቀፍም። ስሕተቷ ሌላው በብዙ ዘመን ያገኘውን እምነት በአንድ ጕዞ ለማግኘት መመኘቷ ነው። አንተም ትምህርት ቤት የሰጠህ ብሩን ነው፤ እምነቱን የሚሰጥህ በየቀኑ የምትፈጽመው ሥራና የምትጠብቀው ቃል ነው። ዛሬ ባትታመን ገበያውን አትስደብ፤ የሰውም መልክ አትዋስ። በራስህ ስም ተመላለስ። በሐሰት ስም ከመወደድ በእውነተኛ ስም ጥቂት መጠበቅ ይሻላልና።