ቢራቢሮዋ እሳቱን አትወድም



በክረምት ወራት ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ፣ ከመግሪብ በኋላ ሱቅ በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አምፖሉ ገና ከመብራቱ የሌሊት ቢራቢሮዎች ይከቡታል። ይዞራሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነስተው እንደገና ይዞራሉ። ጠዋት በረንዳው ሲጠረግ ክንፋቸው ከአቧራው ጋር ይወጣል። ይህን እያየን ብዙዎቻችን «የዘንድሮ ወጣትም እንዲሁ ነው፣ እሳት ይወዳል» ስንል ኖረናል። እኔ ግን ይህች አባባል ቢራቢሮዋንም ወጣቱንም በድላለች ባይ ነኝ።

ምሳሌው በዲናችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በሱረቱል ቃሪዓህ 4ኛ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) የቂያማ ቀን ሰዎችን በተበታተኑ ቢራቢሮዎች መስሏቸዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውን እሳት ባነደደ ሰው ይመስላሉ። ቢራቢሮዎች ወደ እሳቱ ይወድቃሉ፣ ሰውየውም ይከላከላቸዋል። እሳቸውም እንዲሁ ወገባችንን ይዘው ከእሳት ሲመልሱን እኛ እያመለጥናቸው እንገባለን። ይህን ሐዲስ ስንጠቅስ የምናስታውሰው መውደቁን ነው፤ ወገብ መያዙን እንረሳዋለን።

እስቲ ፍጥረቷን ራሷን እንያት። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው የምናያት የቀን ቢራቢሮ ጣዕም የምትለየው በእግሯ ነው። ቅጠሉን በእግሯ ቀምሳ፣ ልጆቿ የሚበሉት ተክል መሆኑን አረጋግጣ እንቁላሏን ትጥላለች። በየጓሯችን የሎሚ ዛፍ ላይ የምናገኘው አባጨጓሬም የአንዷ ልጅ ነው። ትንሽ እያለ የወፍ ኩስ ስለሚመስል ወፎች አይነኩትም። ሲያድግ ቅጠል መስሎ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከአንገቱ በላይ ብርቱካናማ ቀንድ የመሰለ ነገር አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ከዚያ ተሸፋፍኖ ይሰነብትና ጥቁርና ቢጫ ክንፍ ይዞ ይወጣል። ሱብሓነላህ! አላህ ይህን ሁሉ ያሳወቀው ፍጥረት ዘመዷ የሌሊቷ ቢራቢሮ እንዴት ወደ አምፖል ሄዳ ትሞታለች?

መልሱን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 «ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ያብራራል። ተመራማሪዎቹ በጣም ፈጣን በሆኑ ካሜራዎች መብራት ዙሪያ የሚበሩ ነፍሳትን ቀረጹ። ነፍሳቱ በቀጥታ ወደ አምፖሉ አይበሩም፤ ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ምክንያቱም በሌሊትም ቢሆን ሰማይ ከምድር ይልቅ ብሩህ ነው። ጀርባዋን ለብሩሁ የሰጠች ቢራቢሮ ላይና ታቿን ሳትስት ትበራለች። የሰው መብራት አጠገቧ ሲበራ ግን ሰማይ እሱ ይመስላታል። ጀርባዋን እየሰጠችው ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ መውጫ ታጣለች። ከአምፖሉ በላይ ካለፈች ደግሞ ተገልብጣ ትወድቃለች። አልወደደችውም፤ ሰማይዋ ጠፍቶባት ነው።

የሚገርመው፣ በ505 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ ወደዚህ የቀረበ ነገር ተናግረዋል። ሚስኪኗ ቢራቢሮ በጨለማ ቤት ውስጥ ያለች፣ መብራቱም ወደ ውጭ የሚያወጣ መስኮት ይመስላታል ብለዋል። ከዚያም ነገሩን ወደ ሰው አዞሩት፤ በስሜቱ ላይ የሚወድቅ ሰው አላዋቂነት ከእሷ የባሰ ነው አሉ።

ወደ ወጣቱ እንምጣ። ሌሊቱን በስልክ የሚያነጋ፣ የቤት ኪራዩን በኳስ ውርርድ የጨረሰ፣ ከጫት ቤት የማይወጣ ወንድማችንን አስቡት። የገባው ጥፋትን ፈልጎ አይመስለኝም። አንዱ ሥራ አጥቶ ገንዘብ ፈልጎ ነው፣ ሌላው ጓደኛ፣ ሌላው ከጭንቀቱ ትንሽ እረፍት። የፈለገው ነገር ጥሩ ነበር፤ የቀረበው መብራት ግን ሐሰተኛ ሆነበት። ይህን ሰው ከሩቅ ሆኖ «እሳት ወዳድ» ብሎ መስደብ ወገቡን መያዝ አይደለም። ወገብ የሚያዘው በቅርብ ነው፤ የእሳቱ ሙቀት ለያዡም እስኪሰማው ድረስ።

«ታዲያ ጥፋት የለበትም እያልክ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም፤ በአላህ ፊት ሁላችንም እንጠየቃለን። ቢራቢሮ ሁሉም ጉዳት የለሽ አይደለችም። የገጠር ዘመዶቻችን ይህን ያውቃሉ። በ2009 ዓ.ም ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች እናቱ በሌሊት የምትበር ቢራቢሮ ናት። ማታ መጥታ በበቆሎው ቅጠል ላይ እንቁላሏን በክምር ትጥላለች፤ ማንም አያያትም። በቡሬ፣ በወንበርማና በጃቢ ጠህናን በቆሎ የሚያርስ ገበሬ ማሳውን ማልዶ የሚያስሰው ለዚህ ነው። እንቁላሉን ወይም ትንሹን ትል ካገኘ በጣቱ ጨፍልቆ ይገላገላል። ትሉ አድጎ በቆሎው እምብርት ውስጥ ከገባ ግን መድኃኒትም በቀላሉ አይደርሰውም። እኛ ግን አንድ ልጅ ከመስጂድ ሲቀር ወር ሙሉ ዝም ብለን፣ ነገሩ እምብርት ውስጥ ከገባ በኋላ እንጮኻለን። ገበሬው የሚጠላው ትሉን ነው፤ በቆሎውን አይነቅልም። እኛም ወንጀሉን እንጥላ፣ ወንድማችንን አንንቀል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምለው ሦስት ነገር ነው። ከሶፍ የጠፋውን ሰው በሳምንቱ እንፈልገው፤ ደውለን ሳይሆን ቤቱ ሄደን። ስንሄድም ምክር ብቻ ይዘን አንሂድ፤ የፈለገውን ነገር በሐላል የሚያገኝበትን መንገድ፣ ሥራም ይሁን ጓደኝነት፣ አብረን እንፈልግለት። ሦስተኛው ለራሳችን ነው፤ ከዒሻ በኋላ የእጃችንን መብራት እናጥፋ። የበረንዳውንም አምፖል የሚጠቀምበት ሰው ከሌለ እናጥፋው፤ ኢስራፍ ከመሆኑም በላይ እስኪነጋ በከንቱ የምትዞር የአላህ ፍጥረት አለች። መብራቱ ሲጠፋ እሷም ሰማይዋን ታገኛለች።

አላህ ወገባችንን ከሚይዙልን ሰዎች ያድርገን፣ ለሌሎችም የምንይዝ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።